ሃያ አራት ምት በአንድ ትንፋሽ

ናፖሊ፣ ኅዳር 18 ቀን 1711

እታለም ኦርሶላ፣

እንደምን ሰንብተሻል? ጤናሽስ? ሮማ በርዷል ይላሉ፤ ያንን ወፍራም ሻሽሽን አንገትሽ ላይ ጠምጥመሻል ወይስ እንደ ልማድሽ ወንበር ላይ ጥለሽዋል? እኔ ደህና ነኝ።

ደብዳቤ እንዲህ ነው የሚጀመረው፤ ሌላ አጀማመር አላውቅም። ከሞትሽ ዛሬ አሥረኛ ቀን ነው። እኔ የሰማሁት ግን ዛሬ እኩለ ቀን ላይ ነው፤ ስለዚህ እስከ ዛሬ እኩለ ቀን ለእኔ ነበርሽ። ጠዋት ቁርሴን ስበላ ነበርሽ። ትናንት አጠገቤ ከሚተኛው ከካርሚኔ ጋር ስጣላ ነበርሽ፤ እንዲያውም ለእሷ ጽፌ እነግርብሃለሁ ብዬዋለሁ።

ጥፋቴን ልናዘዝልሽ ብዬ ተቀመጥሁ፤ ከየት እንደምጀምር ግን ጠፋኝ። ደብዳቤዎቻችንን በየቀናቸው ደረደርኋቸው። ያንቺዎቹ ፍራሼ ሥር ነበሩ። የእኔም አሉ፤ መምህር ናርዶ ማንኛውም ደብዳቤ መጀመሪያ በረቂቅ ካልተጻፈ ጆሯችንን ስለሚጎትተን፣ ረቂቆቹ ደብተሬ ውስጥ ቀርተዋል። ብዙዎቹን ተውኋቸው። ነገሩ የሚታይባቸውን ብቻ መረጥሁ።

የፈለግነው አንድ ነገር ነበር፤ በአንድ ጣሪያ ሥር መኖር። እናትና አባታችን በአንድ ክረምት ተከታትለው ከሄዱ ወዲህ፣ ሰባት ዓመት ሙሉ፣ አንቺ ሮማ በባላባቷ በማርኬዛዋ ቤት ዘፋኝ፣ እኔ እዚህ ሙዚቃ ትምህርት ቤት። አንድ የመኳንንት ቤት በስሜ ጠርቶ ካልወሰደኝ በቀር ሃያ ዓመት እስኪሞላኝ አልለቀቅም። አንቺም በሮማ ሴት መድረክ ላይ አትወጣምና፣ ከማርኬዛዋ ሳሎን ሌላ የምትዘፍኝበት ቦታ አልነበረሽም። ስለዚህ እኔ ለአንድ ድምፅ የሚሆን ካንታታ፣ በመሣሪያ የሚታጀብ ረጅም ዘፈን፣ ልጻፍ፣ አንቺ በሳሎኑ ዝፈኚው፣ ማርኬዛዋ ከወደደችው ታስጠራኝ። ሌላ ዕቅድ አልነበረንም።

አሁን አብረን እናንብባቸው። የቱ ጋ ዝም ማለት እንደነበረብኝ ንገሪኝ።

*

ሮማ፣ ጥር 15 ቀን 1711

ኔሎ ወንድሜ፣

የጠየቅኸኝን ተራ በተራ ልመልስልህ። አዎ፣ ለማርኬዛዋ ነገርኋት። የለም፣ አልተቆጣችም።

ረቡዕ እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ ነው። «ክብርት ሆይ፣ ወንድሜ ዜማ ይጽፋል» አልኋት። ማራገቢያዋን ሳታቆም «ዕድሜው ስንት ነው?» አለችኝ። «አሥራ ስድስት።»

«በአሥራ ስድስት ዓመት ስለ ፍቅር ምን ይታወቃል?»

ሲኞር ቬንቱራ የሉቱን ክሮች እየቃኘ ጣልቃ ገባ። ከድምፄ ሥር የሚጫወተው ሽማግሌ እሱ ነው፤ ከአንድም ሁለት ጊዜ ጽፌልሃለሁ። «እመቤቴ፣ እኔ ሰባ ሊሞላኝ ነው፤ እስከ ዛሬ የማውቀው የለም» አላት። ሳቀች። «ይላክ እንግዲህ። ማራገቢያዬን ካስጣለኝ አስጠራዋለሁ» አለች።

ቀላል ነገር እንዳይመስልህ። ይህች ሴት በጥርም በሐምሌም ታራግባለች። አምና ከቦሎኛ የመጣው ዘፋኝ አሪያውን ጨርሶ እጅ ሲነሳ፣ «አልቋል?» ያለችው እያራገበች ነው።

ስለ ድምፄ ለጠየቅኸኝ፣ ድሮ እንደምታውቀው ነው። ትንሽ ብርድ መትቶኛል፤ ዘንድሮ ሮማን ያልመታው የለም። ብቻ ፍጠን። ለምን ብለህ አትጠይቀኝ፣ ፍጠን።

እህትህ ኦርሶላ

*

ናፖሊ፣ የካቲት 20 ቀን 1711

እታለም፣

ስለ መዘግየቴ ይቅር በይኝ። እዚህ አንድ አዳራሽ ውስጥ አምስት ባለ ቁልፍ ቼምባሎ፣ ሰባት ቫዮሊንና አንድ መለከት በአንድ ጊዜ ይለማመዳሉ፤ የራሴን ዜማ ለመስማት ግንባሬን ከመሣሪያው ሣንቃ ጋር ማጣበቅ ነበረብኝ። ግን ይኸው ተጠናቀቀ።

ለጠየቅሽኝ፣ ግጥሙ ስለ አንዲት ልጅ ነው። ባሕር ዳር ቆማ፣ በመርከብ የሚሄድባትን ወዳጅዋን ትለምናለች። መጀመሪያ እንደ ንግግር ያለ ዜማ አለ፤ ቀጥሎ ዋናው ዘፈን፣ አሪያው፣ ይገባል። ሁለተኛው ክፍል ቁጣ ነው። ከዚያ «ከመጀመሪያው ይደገም»። ድግሙ እንደ ልማዱ ያንቺ ነው፤ እኔ ምንም አልጻፍሁበትም። እንዳሰኘሽ አስጊጪው፤ ግን ያስጌጥሽውን በወረቀት አስፍረሽ ላኪልኝ፣ እኔ አልሰማሽምና።

አሁን ዋናውን ልንገርሽ። «ቆይ» የሚለውን ቃል ሃያ ምት በአንድ ትንፋሽ እንድትይዢው አድርጌ ጻፍሁት። ትዝ ይልሻል? ቤታችን በር ላይ ቆመሽ አንድ ድምፅ ትይዣለሽ። እኔ ቁልቁል ወደ ምንጩ እሮጥና ውሃውን ነክቼ እመለሳለሁ፤ እጄን ጉንጭሽ ላይ ሳደርግ አንቺ ገና አልጨረስሽም። እጄ ደረቅ ከሆነ ደግሞ «አጭበርብረሃል፣ አልደረስህም!» ብለሽ መልሰሽ ታስሮጪኛለሽ። ያንን ነው የጻፍሁት።

ካርሚኔ ከትከሻዬ በላይ አነበበው። «አንተ፣ ይህች ልጅ ዓሣ ናት? በምን ትተነፍሳለች?» አለኝ።

«እህቴን ስለማታውቃት ነው» አልሁት።

ኔሎ

*

ሮማ፣ መጋቢት 24 ቀን 1711

ኔሎዬ፣

ዜማህን ከሲኞር ቬንቱራ ጋር ሞከርነው። ቁጣው ጋ ሲደርስ አክብሮቱን ለመግለጽ ባርኔጣውን ሊያነሳ እጁን ሰደደ፤ ለካ ባርኔጣ አላደረገም፣ ሰው ሠራሽ ፀጉሩን አንስቶት ቁጭ። ራሱ እንደ እንቁላል ነው። ለካስ ስድስት ዓመት ሙሉ ደብቆኝ ኖሯል። እንዲህ ያስደነገጠው ያንተ ዜማ ነው።

ሦስት ነገር ልለምንህ። ቃናውን አንድ ደረጃ ዝቅ አድርግልኝ፤ ከቻልህ ሁለት። ለሲኞር ቬንቱራ ሉት እንዲያ ይመቻል። ሁለተኛ፣ «ቆይ» ላይ ዘጠነኛው ምት አካባቢ አንድ እረፍት አስገባልኝ። ልጅቷ እንባ ይተናነቃት የለ? ያምርበታል። ደግሞ የቁጣውን ክፍል ትንሽ ብታሳጥረው። አትቀየመኝ፤ ዜማህ ጥሩ ነው። በጣም ጥሩ ስለሆነ ነው የምለምንህ።

ከዚህ ወደ እናንተ የመጣው የሐር ነጋዴ ስለ ሳሌ የነገረህን አትስማ። እሱ ያየኝ በጉንፋን ሰሞን ነው። ሳል የሌለበት ዘፋኝ አይቶ ያውቃል?

እህትህ

*

ናፖሊ፣ ሚያዝያ 12 ቀን 1711

እታለም ኦርሶላ፣

ደብዳቤሽን ለመምህር ናርዶ አነበብሁለት። ሳቀብኝ። «ዘፋኝ ሁሉ ይህንኑ ነው የሚለው» አለኝ። «ዛሬ አንድ ደረጃ ዝቅ ብታደርግላት ለገና የሕፃን ማባበያ ታስጽፍሃለች። አንተ ባሪያዋ ነህ ወይስ የዜማው ጌታ?»

ልክ ነው። እኔ ለሲኞር ቬንቱራ ሉት አይደለም የጻፍሁት፤ ላንቺ ነው። ዜማዬ ጥሩ ነው ካልሽ ለምን ትቆራርጪዋለሽ? ጥሩ ካልሆነ ደግሞ ቁርጡን ንገሪኝ፤ እንደ ሕፃን አታባብዪኝ። አንዲት ሴት ልቧ ተሰብሮ «ቆይ» ስትል ዘጠነኛው ምት ላይ አረፍ ብላ ነው?

ቃናውን አልነካሁትም። እረፍቱን አላስገባሁም። ይልቅ አዲስ ገጽ አብሬ ልኬልሻለሁ፤ ሃያ የነበረውን ሃያ አራት አድርጌዋለሁ። ድምፅሽን ካንቺ ይልቅ እኔ አውቀዋለሁ። ታግለሽ ስትይዢው ደግሞ ታመሰግኚኛለሽ።

ወንድምሽ አኒዬሎ

*

ሮማ፣ ሰኔ 30 ቀን 1711

ኔሎ ወንድሜ፣

ያልኸው ልክ ነው። ሃያ አራቱን አየሁት፤ ያምራል። ከእንግዲህ ስለ እረፍት አላነሳብህም።

በዚህ ወር ትዘፍኝዋለሽ ወይ ብለህ ነበር። አልዘፈንሁትም። ማርኬዛዋ ወደ ገጠር ስለሄደች ለጥቅምት ተላልፏል፤ እስከዚያ እለማመደዋለሁ። ጽሕፈትሽ ተንጋደደ ያልኸኝ ወረቀቱን ጭኔ ላይ አድርጌ ስለምጽፍ ነው። በነሐሴ ፈቃድ ጠይቄ ልምጣ ያልኸውን ግን ተወው። ቤቱ ይዘጋል፤ መጥተህ የምታድርበት የለም። አደራህን አትምጣ።

ቁመትህ ስንት ደረሰ? መቼም ከእኔ በልጠሃል። ግድግዳ ተደግፈህ ቁምና ካርሚኔ በክር ይለካህ፤ ክሩን በደብዳቤ ውስጥ አድርገህ ላክልኝ። እዚህ በሩ ላይ እሰቅለዋለሁ። ስትመጣ ጎንበስ ማለት ይኖርብህ እንደሆነ አውቃለሁ።

ሲኞር ቬንቱራ ሰላም ብሎሃል። አሁን ያለ ፀጉሩ ነው የሚያጫውተኝ፤ «ካየሽው ወዲያ ምን ልደብቅሽ» ይላል።

ኦርሶላ

*

ናፖሊ፣ መስከረም 17 ቀን 1711

ኦርሶላ፣

ይህ አራተኛው ደብዳቤዬ ነው። ለሦስቱ መልስ የለም።

ካርሚኔ «ቤተ መንግሥት የገባች እህት ወንድም የላትም» ይለኛል። ተጣላሁት። አሁን ግን ምን ብዬ ልጣላው? ድግሙን እንዴት እንደምታስጌጪው ጻፊልኝ አልሁሽ፣ አልጻፍሽም። ልምጣ አልሁ፣ አትምጣ አልሽ። ዜማውን በሰኔ አልሽ፣ በጥቅምት አልሽ። ታፍሪብኛለሽ? እንደዚያ ከሆነ ንገሪኝና ልረፈው። እዚህ አንዱ የድሃ ልጅ ለሌላው የድሃ ልጅ ይደርስለታል፤ አንቺ ግን የእናቴ ልጅ ሆነሽ አንድ ዜማ ልትዘፍኝልኝ አልቻልሽም።

ካልፈለግሽው ለሌላ ዘፋኝ ስጪው። ትንፋሽ ላላት።

አኒዬሎ

*

ሮማ፣ ጥቅምት 29 ቀን 1711

ኔሎዬ፣ የእናቴ ልጅ፣

ስለ ዝምታዬ ይቅርታ አድርግልኝ። ጽሕፈቱ የሲኞር ቬንቱራ ነው፤ እኔ እየነገርሁት ይጽፋል። እጄ ሥራ ይዟል። እሱ እያዳመጠ ስለሆነ ስለ እሱ ክፉ ነገር ልነግርህ አልችልም። («ብትችልም አልጽፍላትም፤ ቬንቱራ።»)

ትናንት ዘፈንሁት።

ሰው ሞልቶ ነበር፤ ሁለት ካርዲናሎችም ነበሩ። ሰማያዊውን ቀሚሴን ለበስሁ። ንግግሩን ጥሩ አድርጌ አልሁት፤ አሪያው ገባ። ሃያ አራቱንም ምት፣ ኔሎ። አንድም አላስቀረሁም። አንዱ ካርዲናል ለጎረቤቱ «ይህች ሴት ሳንባዋ ከምንድን ነው?» ሲል ሰምቻለሁ። ቁጣውን ዘፈንሁ። ማርኬዛዋም ማራገቢያዋን ጣለች። ወለል ላይ ሲወድቅ ድምፁን ሰማሁት።

በል እንግዲህ፣ ልብስህን አዘጋጅ። ከክፍሌ ቀጥሎ ያለው ክፍል ያንተ ነው፤ መስኮቱ ወደ ግቢው ነው። የድግሙን ነገር አልረሳሁትም። ክሩን ላክልኝ።

ትንፋሽ አለኝ።

ኦርሶላ

*

ናፖሊ፣ ኅዳር 19 ቀን 1711

እታለም፣

ይህንንም ደብዳቤ ትናንት ከፍራሼ ሥር ነው ያወጣሁት። መልስ አልጻፍሁለትም። ልብሴን አዘጋጅቼ፣ ክሩን ለክቼ፣ የማርኬዛዋ ጥሪ ሲደርስ ራሴ ይዤልሽ እመጣለሁ ብዬ ነበር። ሁለት ሳምንት ያህል አልጋዬ ላይ ተኝቼ ጣሪያ እያየሁ እስቅ ነበር።

ትናንት ጠዋት ለአንድ ሕፃን ቀብር ወሰዱን። ታውቂያለሽ፣ እዚህ ሕፃን ሲሞት ትምህርት ቤታችን ልጆቹን መላእክት አስመስሎ ነጭ አልብሶ፣ ክንፍ ሰክቶ ያስዘምራል። እኔ ለክንፉ ትልቅ ሆኛለሁ፤ ማሰሪያው ብብቴን ይቆርጠኛል። አንድ ልጅ ታሞ በእሱ ቦታ ገባሁ። ካርሚኔ መንገዱን ሙሉ «ገብርኤል ሆይ፣ ጢምህን ተላጭ» እያለ ያስቀኝ ነበር። በሰው ሬሳ ፊት ሳቅሁ። ስመለስ ገና ክንፌን ሳላወልቅ በር ጠባቂው ከሮማ የመጣ ጥቅል ሰጠኝ።

ሁለት ደብዳቤና ኖታው ነበሩበት።

የመጀመሪያው የሲኞር ቬንቱራ ነው። «ልጄ፣ እንዳልነግርህ አስምላኝ ነበር» ይላል። «ከጥር ጀምሮ ደም ትተፋለች። ማርኬዛዋ ካወቀች ከቤት ታስወጣኛለች፣ የወንድሜም ነገር ይቀራል ብላ ከእኔ በቀር ለማንም አልተናገረችም። ከሰኔ በኋላ ከአልጋ የምትነሳው ለልምምድ ብቻ ነበር። ሃያ አራቱን ምት የዘፈነችው በሰባት ትንፋሽ ነው። ኖታው ላይ በየትንፋሹ ትንሽ መስቀል አድርጋለች። እዚያ እዚያ ላይ እኔ ሉቱን ጠበቅ አድርጌ እመታለሁ፤ በድምፁ ውስጥ ትተነፍሳለች። ሦስት ሳምንት ተለማመድነው። ካርዲናሎቹም አላወቁም። ድግሙ ላይ ግን አልደረስንም። ማርኬዛዋ ማራገቢያዋን የጣለችው እህትህ ስትወድቅ ልትይዛት ስትነሳ ነው።»

ሁለተኛው የማርኬዛዋ ነው፤ ሁለት መስመር። «ቃሌ ቃል ነው፤ ማራገቢያዬ ወድቋል። ልጁ ይምጣ።» ርእሰ መምህሩ አነበበውና ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ «እንኳን ደስ አለህ» አለኝ። ሌላውን ደብዳቤ አላየውም ነበር። መምህር ናርዶ ግን አየው።  ክንፉን ከጀርባዬ የፈታልኝ እሱ ነው፤ ቋጠሮው አልፈታ ብሎት ቆየ።

እታለም፣ ዝቅ አድርግልኝ ብለሽ ጻፍሽልኝ። በጽሑፍ። እረፍት ስጠኝ ብለሽ ጻፍሽልኝ። ሰው ይህን ሲል ምን እንደሆነ ሌላው ባያውቅ ባለሙያ ነኝ የምለው እኔ አላውቅም? ሰባት ዓመት የተማርሁት ምንድን ነው? የመንገድ ሰው ቢያነበው «ይህች ልጅ ትንፋሽ አጥሯታል» ይል ነበር። ካርሚኔ እንኳ ብሎኝ ነበር። እኔ አራት ምት ጨመርሁብሽ። «ትንፋሽ ላላት» አልሁሽ። ያንን ደብዳቤ ሲኞር ቬንቱራ ይሆን ያነበበልሽ? ድምፁን ከፍ አድርጎ? ይህን ብቻ ማወቅ እፈልጋለሁ፤ ልጠይቀው ግን አልደፍርም።

ለማርኬዛዋ መልስ አልሰጠሁም። ከክፍልሽ ቀጥሎ ያለው ክፍል ክፍት ነው። ምን ልሠራበት ነው?

ዛሬ ጠዋት ያደረግሁትን ልንገርሽና ይብቃኝ። ያላንቺ የመጀመሪያው ጠዋቴ ነው፤ ላንቺ አሥራ አንደኛው መሆኑን አውቃለሁ።

ደወል ሳይደወል ተነሳሁ። በባዶ እግሬ መኝታ አዳራሹ በር ላይ ቆምሁና ወደ ግቢው ጉድጓድ ሮጥሁ። ባልዲው ውስጥ ውሃ ነበር፤ እጄን ነከርሁና ተመልሼ ሮጥሁ። እየሮጥሁ ቆጠርሁ። ሃያ አራት ላይ ገና ደረጃው ጋ ነበርሁ። በሩ ላይ ስደርስ ጸጥ ብሏል። ካርሚኔ ከአልጋው ቀና ብሎ «አንተ እብድ፣ ምን እየሠራህ ነው?» አለ፤ ፊቴን ሲያይ ወርዶ ብርድ ልብሱን ትከሻዬ ላይ ጣለልኝና አጠገቤ ተቀመጠ። እጄ እርጥብ ነበር። የማሳየው ሰው የለም።

ኖታውን አወጣሁ። እጄን ሳላደርቅ ስለያዝሁት ከሰባቱ መስቀሎችሽ የአንዱ ቀለም ትንሽ ፈሰሰ፤ ሦስተኛው ነው፣ ይቅር በይኝ። ያስጌጥሽውን እንድትጽፊበት የተተወው የድግሙ ገጽ ባዶ ነው። ገልብጬም አየሁት።

ካርሚኔ ሳልጠይቀው የመጻፊያ ላባ ቀረጸልኝ። አዲስ ወረቀት ዘርግቼ ካንታታውን ከመጀመሪያው ጀምሬ ገለበጥሁት። ቃናውን ሁለት ደረጃ ዝቅ አደረግሁልሽ፤ ለሲኞር ቬንቱራ ሉትም እውነትም እንዲያ ይመቻል። የቁጣውን ክፍል አሳጠርሁት። መስቀል ባላደረግሽበትም ሁሉ እረፍት አስገባሁ። ልጆቹ ተነስተው መለማመድ ሲጀምሩ፣ ያ ሁሉ ጫጫታ ሲነሳ፣ ለመጨረሻ ያቆየሁት «ቆይ» የሚለው ጋ ደርሼ ነበር። ሁለት ምት ብቻ አደረግሁት፣ እታለም። ከሁለቱም በኋላ ረጅም እረፍት አለ። አሁን ትችይዋለሽ።